ጠላትን ባልጠበቀው ሰዓት መያዝ፦ የደፈጣ አሠራር በዲ ኤንድ ዲ

ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን፣ ዳይስ እየተጣለ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱትን የጠረጴዛ ጨዋታ (ባጭሩ ዲ ኤንድ ዲ) የሚጫወት ቡድን ሁሉ ስለ ደፈጣ ያወራል። ሲሠራው ግን እምብዛም አይታይም። የተለመደው እንዲህ ነው። አንዱ «ቀስ ብለን እንጠጋቸው» ይላል። ሁሉም ስቴልዝ (በዳይስ የሚፈተን የመደበቅ ችሎታ) ይጥላል። የፋይተሩ፣ ማለትም የተዋጊው፣ የብረት ልብስ ይንኳኳል። ጠላት ይነቃል። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ፊት ለፊት መጋጠም ነው። ቆይቶ ጥፋቱ በዳይሱ ይላከካል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ችግሩ ያለው ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ነው። ደፈጣ የሚሠራው ያኔ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በ2014 በወጣው የአምስተኛው ዕትም ሕግ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ2024 የታደሰውን ሕግ ለምትጫወቱ ልዩነቱን ወደ ታች አስቀምጫለሁ። መጽሐፉን መግዛት ላልቻለ፣ ኤስአርዲ 5.1 የሚባለው መሠረታዊ ሕግ ከ2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል፤ በነፃ አውርዶ ማንበብ ይቻላል። ሃያ ገጹን ዳይስ ያላገኘ ደግሞ የስልክ አፕ ይበቃዋል።

መጀመሪያ ከዲኤሙ ጋር ሕጉን ጨርሱ

ዲኤም ጨዋታውን የሚመራውና ጠላቶቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው። በደፈጣ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚመጣው ሕጉን ጨዋታ መሀል ላይ ከመፈለግ ነው። ገና ቁጭ ስትሉ ጨርሱት።

ሕጉ አጭር ነው። የተደበቀው ወገን ስቴልዝ ይጥላል። ዲኤሙ ውጤቱን ከእያንዳንዱ ጠላት ፓሲቭ ፐርሴፕሽን ጋር ያስተያያል። ይህ ቁጥር 10 ላይ የፐርሴፕሽን (የማስተዋል ችሎታ) ጭማሪው ተደምሮ የሚገኝ ነው። ጠላት ዳይስ ሳይጥል ምን ያህል ንቁ እንደሆነ ያሳያል። አደጋውን ያላስተዋለ ጠላት ፍልሚያው ሲጀመር ሰርፕራይዝድ (የደነገጠ) ይሆናል። በመጀመሪያ ተራው መንቀሳቀስም ሆነ አክሽን (የተራው ዋና ድርጊት) መውሰድ አይችልም። ያ ተራ እስኪያልፍ ድረስ ሪአክሽንም (ከተራ ውጭ የሚደረግ አጸፋ) የለውም። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው።

ከዚህ ውስጥ ሦስት ነገር ላይ ተስማሙ።

አንደኛ፣ ኢኒሼቲቭ (ማን ቀድሞ እንደሚጫወት የሚወስነው ዳይስ) ሁልጊዜ ቀድሞ ይጣላል። ከድሮ ዕትሞች የመጡ ተጫዋቾች ላደፈጠው ወገን ብቻ የሚሰጥ ትርፍ ዙር ያለ ይመስላቸዋል። በአምስተኛው ዕትም የለም። «ቀስቴን ለቅቄያለሁ፣ አሁን ኢኒሼቲቭ እንጣል» የሚባል ነገርም የለም።

ሁለተኛ፣ ሰርፕራይዝ የሚታየው በእያንዳንዱ ጠላት ነው። ሦስቱ ደንግጠው አራተኛው ነቅቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ከእናንተ ስንቱ ሰው ሳይሰማ መቅረት አለበት? ሕጉ ጥብቅ ሆኖ ሲነበብ፣ ጠላት ከመካከላችሁ አንዱን ብቻ ካስተዋለ አይደነግጥም። አንዳንድ ዲኤሞች ግን የቡድን ፈተና ያደርጉታል፤ ከቡድኑ ቢያንስ ግማሹ ከተሳካለት ሁሉም እንዳለፈ ይቆጠራል። ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። ቁጥሩን እንየው።

ሦስተኛ ደረጃ የደረሰ የአራት ሰው ቡድን ውሰዱ። ሮጓ (በድብቅ የምትሠራው) ስቴልዟ +7 ነው፣ ማለትም ዳይሷ ላይ 7 ይደመራል። ዊዛርዱ (አስማተኛው) +2 አለው። ክለሪኩ (ካህኑ) ቼይን ሸርት (የሰንሰለት ሸሚዝ) ለብሶ +1። ፋይተሩ ቼይን ሜይል (ከባድ የሰንሰለት ልብስ) ለብሶ +0፣ ያውም በዲስአድቫንቴጅ፤ ማለትም ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን ይወስዳል። ድልድይ የሚጠብቁ አራት ሆብጎብሊኖች (ጭራቅ ወታደሮች) አሉ። አንዱ ቀንደ መለከት አንግቷል። ሁለት ተኩላ አጠገባቸው ታስሯል። የሆብጎብሊን ፓሲቭ ፐርሴፕሽን 10 ነው።

ሮጓ የሚሳካላት ከመቶ 90 ጊዜ ነው። ዊዛርዱ 65፣ ክለሪኩ 60፣ ፋይተሩ 30። አራቱም አንድ ላይ ሳይሰሙ የማለፍ ዕድላቸው ከመቶ 11 ብቻ ነው። በቡድን ፈተና ሲሆን ግን ያው ቡድን፣ ያው ዳይስ፣ ከመቶ 87 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ዕቅድ ከማውጣታችሁ በፊት በየትኛው ሕግ እንደምትጫወቱ ማወቅ አለባችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በጥብቁ ሕግ ለሚጫወቱ ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ይበልጥ ይቀላችኋል።

ድምፅ የሚያወጣውን ሰው አስተካክሉ

ብዙ ቡድን ሮጓን ይበልጥ ስውር ለማድረግ ይደክማል። እሷ ምንም አልጎደላትም! ደፈጣውን የሚያበላሸው ፋይተሩ ነው። ገንዘባችሁንም ድግምታችሁንም እሱ ላይ አውሉ።

ቀላሉ መንገድ ልብስ መቀየር ነው። ከባድ የብረት ልብስ ሁሉ ስቴልዝ ላይ ዲስአድቫንቴጅ ያመጣል። ከመካከለኞቹ ስኬል ሜይልና ሃፍ ፕሌት እንደዚያው ናቸው። ቼይን ሸርትና ብረስትፕሌት ግን ድምፅ የላቸውም። ብዙ ክለሪክ ጨዋታ ሲጀምር ስኬል ሜይል ይመርጣል፣ ኤሲው፣ ማለትም ጠላት ለመምታት ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር፣ በአንድ ስለሚበልጥ። ለአንድ ኤሲ ብላችሁ ደፈጣውን ሁሉ አትሽጡ። ቼይን ሸርት 50 ወርቅ ነው። ብረስትፕሌት 400 ወርቅ ስለሆነ ቆይቶ ይታሰባል። ደግሞ «ደርሰን ልብሱን እናወልቃለን» የሚል ካለ፣ ከባድ ልብስ ለማውለቅ 5 ደቂቃ፣ መልሶ ለመልበስ 10 ደቂቃ እንደሚፈጅ አስታውሱት።

የተሻለው መንገድ ድግምት ነው። ፓስ ዊዛውት ትሬስ የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ድግምት በ30 ጫማ ውስጥ ላለ ወገን ሁሉ ስቴልዝ ላይ 10 ይጨምራል። ኮንሰንትሬሽን (በአንድ ጊዜ ለአንድ ድግምት ብቻ የሚበቃ ትኩረት) ካልተቋረጠ አንድ ሰዓት ይቆያል። ድሩይድና ሬንጀር የሚባሉት የገጸ ባሕርይ ዓይነቶች ያገኙታል። ትሪከሪ ዶሜይን (የማታለል ዘርፍ) የመረጠ ክለሪክም ከሦስተኛ ደረጃ ጀምሮ አለው። ከላይ ያለው ቡድን ይህን ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ፋይተሩ 1 እንኳ ቢጥል ድምሩ 11 ነው፣ ከሆብጎብሊኖቹ 10 ይበልጣል። ከመቶ 11 የነበረው ዕድል መቶ በመቶ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ደረጃ ለደፈጣ ከዚህ የሚበልጥ ድግምት የለም፤ እኔ በበኩሌ ቡድኑ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ትልቅ ደፈጣ ባታስቡ እመክራለሁ።

የትሪከሪ ክለሪክ ሌላም ነገር አለው። ፈቃደኛ የሆነን ሌላ ሰው ነክቶ ለአንድ ሰዓት ስቴልዝ ላይ አድቫንቴጅ (ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን መውሰድ) ይሰጠዋል። ኮንሰንትሬሽን አይፈልግም። ለሮጓ እንዳትሰጡት። ለፋይተሩ ስጡት። አድቫንቴጁና ዲስአድቫንቴጁ ይጣፋሉ፣ እሱም እንደ ሰው አንድ ዳይስ ይጥላል።

ተኩላዎቹን አትርሱ

እስካሁን ያወራነው ስለ ሆብጎብሊኖቹ ነው። ተኩላ ሌላ ጉዳይ ነው። ፓሲቭ ፐርሴፕሽኑ 13 ነው። በመስማትና በማሽተት አድቫንቴጅ ስላለው ደግሞ ቁጥሩ ላይ 5 ይጨመራል፣ 18 ይሆናል። የእኛ ቡድን በፓስ ዊዛውት ትሬስ ታግዞ፣ ፋይተሩም ተነክቶ፣ 18ን አራቱም የማለፍ ዕድላቸው ከመቶ 34 ገደማ ነው። ይህ ደግሞ በጣም ከተዘጋጁ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ዳይሱን ትታችሁ ዲኤሙን አነጋግሩት። ነፋሱ ከየት ወዴት ነው? ከነፋሱ በታች በኩል ብንመጣስ? የወንዙ ድምፅ ኮቴያችንን አይሸፍንም? እነዚህ ጥያቄዎች አድቫንቴጁን ሊያስቀሩ ይችላሉ፣ ያኔ ከ18 ወደ 13 ትወርዳላችሁ። ሥጋ መወርወር ሁሉም የሚያስበው ዘዴ ነው፣ ግን ሥጋ የሚወረውረው ሰው ራሱ መጠጋት አለበት። እኔ የምመርጠው ፋይተሩን ጨርሶ አለማስጠጋት ነው። ድልድዩ ማዶ፣ ጠላት ሲሸሽ የሚመጣበት ቦታ ላይ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ሁለት ጥቅም አለው። ድምፁ አይሰማም፣ የሚሮጠውንም ይቀበላል።

ስለላውን በወፍ አድርጉት። ፋይንድ ፋሚልያር (አገልጋይ እንስሳ የሚጠራ ድግምት) ያለው ዊዛርድ ጉጉት ይያዝ። ጉጉት በጨለማ 120 ጫማ ታያለች፣ ዊዛርዱም በ100 ጫማ ውስጥ ሆኖ በዓይኗ ማየት ይችላል። በዚያ ጊዜ የራሱ ዓይንና ጆሮ ስለማይሠራ አጠገቡ ሰው ይቁም። ድግምቱ አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ ቤት ሳላችሁ ጨርሱት።

ብርሃንና ርቀት

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለኔ ግን የደፈጣ ግማሹ እዚህ ነው።

ሆብጎብሊንና ጎብሊን በጨለማ 60 ጫማ ያያሉ። ድንግዝግዝ ለእነሱ እንደ ቀን ስለሆነ ሲመሽ መምጣት ብቻውን አይጠቅማችሁም። ድቅድቅ ጨለማ ግን ለእነሱ እንደ ድንግዝግዝ ነው። በዓይን ለሚያዩት ነገር ፓሲቭ ፐርሴፕሽናቸው በ5 ይቀንሳል። ከ60 ጫማ በላይ ደግሞ ጨርሶ አያዩም።

እንግዲህ ጠባቂዎቹ እሳት አንድደው ዙሪያውን ተቀምጠዋል እንበል። እነሱ በብርሃን ውስጥ ናቸው፣ እናንተ ወለል አድርጋችሁ ታዩአቸዋላችሁ። እናንተ በጨለማ ውስጥ ከ60 ጫማ ውጭ ናችሁ። የሮጓ ሾርትቦው (አጭር ቀስት) ያለ ቅጣት እስከ 80 ጫማ ይወረውራል። ስለዚህ ከ65 እስከ 80 ጫማ ያለችው ጠባብ ቦታ የእናንተ ናት። ካርታው ላይ እያንዳንዱ ካሬ 5 ጫማ ስለሆነ ከ13ኛው እስከ 16ኛው ካሬ ማለት ነው። ከዚያ ሆኖ የሚተኩስ ሰው ስለማይታይ አድቫንቴጅ ያገኛል። ከተኮሰም በኋላ ጠላት አቅጣጫውን ያውቃል እንጂ አያየውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቡድናችሁ ውስጥ በጨለማ የማያይ የሰው ዘር ካለ ችቦ መያዝ ይፈልጋል። ችቦ 20 ጫማ ደማቅ፣ ሌላ 20 ጫማ ደብዛዛ ብርሃን ይሰጣል። ያንን ይዞ ማድፈጥ ቀልድ ነው። በጨለማ የሚያየው ጓደኛው እጁን ይዞ ይምራው።

የመጀመሪያዋን ተራ አታባክኑ

ሰርፕራይዝ የሚሰጣችሁ አንድ ተራ ነው። በዚያች ተራ ሁሉም ያሻውን ጠላት ሲመታ፣ አራት ቆስለው የቆሙ ጠላቶች ይኖሯችኋል። የቆሰለ ሆብጎብሊን ደግሞ እንደ ጤነኛው ነው የሚመታው። ዓላማው በሚቀጥለው ዙር የሚንቀሳቀሱትን ጠላቶች ቁጥር መቀነስ ነው። ማን ማንን እንደሚመታ ቀድማችሁ ተከፋፈሉ።

ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ለሌሎች የሚያሳውቀው፣ ቀጥሎ ድግምት የሚያውቀው፣ ከዚያ ከባዱ ተዋጊ። በእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው ባለ መለከቱ ነው። ሮጓ ትተኩስበት። የሆብጎብሊን ኤሲ 18 ስለሆነ ያለ አድቫንቴጅ ከመቶ 40 ጊዜ ብቻ ነው የምትመታው፤ በአድቫንቴጅ 64 ይሆናል። ስኒክ አታኳ (ሮግ በአድቫንቴጅ ስትመታ የምታገኘው ተጨማሪ ጉዳት) ተጨምሮ ጉዳቷ በአማካይ 13.5 ነው፣ የእሱ ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) 11። ከመታችው አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል።

ከሳተችስ? ለዚህ ነው ክለሪኩ ሳይለንስን የሚይዘው። ከ120 ጫማ ሆኖ 20 ጫማ ራዲየስ ያለው ክብ ላይ ያሳርፋል። በክቡ ውስጥ ድምፅ የሚባል የለም፣ መለከቱም ቢነፋ አይሰማም። ፓስ ዊዛውት ትሬስ ይቋረጣል፣ ግን ፍልሚያው ስለተጀመረ ሥራውን ጨርሷል። ሦስተኛ ደረጃ ክለሪክ ያሉት ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ድግምቶች በዚህ አለቁ ማለት ነው፤ ሌላ ፍልሚያ እንደማይመጣባችሁ አረጋግጡ። ደግሞ ሳይለንስን ራሳችሁ ላይ አታሳርፉት። በውስጡ ቃል የሚፈልግ ድግምት አይሠራም።

ዊዛርዱ ስሊፕ ካለው ይጠቀምበት። 90 ጫማ ይደርሳል፣ ጠላትም የሚያድንበት ፈተና የለውም። በሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ በአማካይ 31 ኤችፒ የሚሆን ያስተኛል። ሁለት ሆብጎብሊን ማለት ነው። ተኩላዎቹም 11 ኤችፒ ስላላቸው በክቡ ውስጥ ካሉ ድርሻ ይወስዳሉ፤ ክቡን ስታስቀምጡ አስቡበት።

አሳሲን የሆነ ሮግ ያላችሁ ደግሞ ኢኒሼቲቭን አትናቁ። የደነገጠ ጠላት ላይ የሚያገኘው ክሪቲካል (የጉዳት ዳይሱን የሚያጥፍ ምት) የሚቆየው ጠላቱ የመጀመሪያ ተራውን እስኪያልፍ ብቻ ነው። ጠላቱ በኢኒሼቲቭ ከቀደመው፣ ምንም ሳይሠራ ተራው ያልፋል፣ ክሪቲካሉም አብሮ ይሄዳል።

ማጥመጃ

እናንተ ወደ ጠላት ከመሄድ ጠላት ወደ እናንተ ቢመጣ ይሻላል። ማይነር ኢሉዥን ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ድምፅ ወይም ምስል ይፈጥራል፣ እስከ 30 ጫማ፣ ለአንድ ደቂቃ። ብዙዎች የማያስተውሉት ግን ድግምቱ ቃል የማይፈልግ መሆኑን ነው። እጅ በማንቀሳቀስ በዝምታ ይሠራል። የሕፃን ልቅሶ፣ የፍየል ጩኸት፣ የሚወድቅ ሳንቲም፣ የፈለጋችሁትን። ሁለት ጠባቂ «እስኪ ልየው» ብለው ሲነሱ ካምፑ በግማሽ ቀነሰ።

የሚመጡበት መንገድ ላይ ካልትሮፕ (እግር የሚወጋ ሾህ ብረት) በትኑ። 1 ወርቅ ነው፣ 5 ጫማ ካሬ ይሸፍናል፣ ፈተናውን የወደቀ እዚያው ይቆማል።

ሰላምታ እያቀረቡ ድንገት ሰይፍ መምዘዝም አለ። ሕጉ ይህን በግልጽ አያስቀምጥም፤ ብዙ ዲኤሞች ዲሴፕሽንን (ማታለልን) ከኢንሳይት (የሰውን ሐሳብ ከማንበብ) ጋር ያፋልማሉ። መጀመሪያ ጠይቁ።

ከነቁባችሁ

ምልክት ይኑራችሁ። አንዱ ለ«ጀምር»፣ አንዱ ለ«ተመለስ»። በእጅ ቢሆን ይመረጣል። ፎግ ክላውድ (ጉም የሚፈጥር ድግምት) ያለው ሰው ለመመለሻ ያስቀምጠው። «ተመለስ» ሲባል የሚመለስ ቡድን ብዙ አይደለም፣ ግን ለጥቂት ኤክስፒ (የልምድ ነጥብ) ብሎ ካምፕ ሙሉ መቀስቀስ አያዋጣም። አንዳንዱን ደግሞ ከመጀመሪያውም አትሞክሩት። አደልት ሬድ ድራገን (ጎልማሳ ቀይ ዘንዶ) ፓሲቭ ፐርሴፕሽኑ 23 ነው፣ በ60 ጫማ ውስጥም ዓይኑን ሳይጠቀም ያውቃችኋል።

የ2024ቱን ሕግ ለምትጫወቱ

ነገሩ ለዝቧል። የደነገጠ ጠላት ተራውን አያጣም፤ ኢኒሼቲቭ ላይ ዲስአድቫንቴጅ ያገኛል፣ ያ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ተደብቃችሁ ከጀመራችሁ እናንተ አድቫንቴጅ አላችሁ። ጭማሪያችሁ እኩል ከሆነ ከአምስት አራቱን ጊዜ ያህል ትቀድማላችሁ። ለመደበቅ ደግሞ ቢያንስ 15 መጣል ያስፈልጋል። ፓስ ዊዛውት ትሬስ እዚህም ንጉሥ ነው።

ጠላት በመጀመሪያው ዙር እንደሚመልስ ስለምታውቁ፣ ጉዳት ከማብዛት ይልቅ የሚያስር ድግምት አስቀድሙ፤ ዌብ፣ ኢንታንግል። አለርት የሚባለው ፊት (ልዩ ችሎታ) ያለው ሰው ኢኒሼቲቩን ከፈቃደኛ ጓደኛው ጋር መለዋወጥ ይችላል። ድግምቱን የሚያወጣውን ሰው በዚህ አስቀድሙት።

እናንተ ላይ ሲደፈጥ

በጉዞ ላይ ካርታ የሚሥል፣ ዱካ የሚከተል ወይም ምግብ የሚፈልግ ሰው አደጋ አይጠብቅም፤ ፓሲቭ ፐርሴፕሽኑ አይቆጠርለትም። ስለዚህ ዓይነ ስሉ ሰው ዱካ እየተከተለ ከሆነ ጠባቂ የላችሁም። ሥራውን ለሌላ ስጡት። ፈጥኖ መጓዝም ፓሲቭ ፐርሴፕሽንን በ5 ይቀንሳል። ችኮላ ካልሆነ በዝግታ ሂዱ፤ በዝግታ ስትሄዱ ብቻ ነው እናንተም መደበቅ የምትችሉት።

ዲኤም ለሆናችሁ ሁለት ነገር ልበል። የተጫዋቾቻችሁን ፓሲቭ ፐርሴፕሽን አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ያዙ። «ስንት ነበር ያንተ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ጎብሊኑ ቁጥቋጦ ውስጥ እንዳለ ተናገራችሁ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ተጫዋቾቻችሁ ነፋሱን ጠይቀው፣ ፋይተሩን ማዶ አስቀምጠው፣ ድግምታቸውን ጨርሰው ከመጡ፣ ድንኳን ውስጥ የተኛ አምስተኛ ሆብጎብሊን አትፍጠሩ። ባለ መለከቱ ይውደቅ።